ጾመኛው ቀኛዝማች

ጢም ያለው ፍጡር ሁሉ መከራ ያመጣል! ጢም ያላችሁ አንባቢዎቼ አትቀየሙኝ፤ የደረሰብኝን ነው የማወራው። አውራ ፍየልን ተመልከቱ። አማቼን ተመልከቱ... (ነፍሳቸውን ይማረውና፣ እሳቸውስ ደግ ሰው ነበሩ፤ ጢማቸው ነው እንጂ።) በዚያ በደርግ ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ተሰቅለው ቁልቁል ያፈጡብን የነበሩትን ሦስቱን ጢማሞችስ ረሳችኋቸው? እኔን ያስለቀሰኝ ግን አራተኛው ነው። አራተኛው ግድግዳ ላይ አልተሰቀለም። እኔ ቤት ገብቶ፣ ተቀልቦ፣ ተሞላቅቆ ያደገ እንሽላሊት ነበር።

አዎ፣ እንሽላሊት ነው ያልኩት። ሰው በሬ ያደልባል፣ በግ ያሞክታል፤ የእኔ ዕጣ ደግሞ ይኸው ነው።

በዚያን ጊዜ አሰላ ውስጥ በአንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት የግምጃ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ስሜ ዘውዴ ይባላል። ዘውድ ወድቆ ጓድ በነገሠበት ዘመን ዘውዴ መባል ምን ያህል እንደሚመች ለእናንተው ልተወው! አለቃችን ጓድ ሽፈራው «ጓድ ዘውዴ» ብለው ሲጠሩኝ የመጀመሪያውን ቃል ጮክ፣ ሁለተኛውን ዋጥ ያደርጉት ነበር። አባቴ ስም ሲያወጣልኝ የሚመጣውን አለማየቱ የእኔ ጥፋት ሆኖ ተመዝግቧል።

እዚያው መሥሪያ ቤት ሚስተር ቶም የሚባል ከአውስትራሊያ የመጣ የስንዴ ባለሙያ ነበር። ደግ ሰው ነው። ከበቆጂ እስከ ሮቤ ያልረገጠው ማሳ የለም፤ የሚያውቀው አማርኛ ግን ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «እሺ» እና «ነገ»። ምን ያድርግ፣ ከቢሮአችን የሚሰማው እነሱን ብቻ ነዋ!

የዚህ ሰው እናት ታመሙና ከመስቀል በኋላ ወደ አገሩ ሊሄድ ሆነ። የሚመለሰው ከፋሲካ በኋላ ነው። ሻንጣውን ቆልፎ ሲያበቃ አንድ የመስታወት ሣጥን ታቅፎ ግምጃ ቤቴ ድረስ መጣ። ሣጥኑ ውስጥ አሸዋ አለ፤ አሸዋው ላይ ድንጋይ፤ ድንጋዩ ላይ ደግሞ ከመሃል ጣቴ እምብዛም የማይበልጥ እንሽላሊት ተጋድሟል። ከአናቱ በላይ አምፖል ተንጠልጥሎለታል። የአሰላን ብርድ የምታውቁ ሰዎች በዚህ ልትቀኑ ትችላላችሁ። እኔም ቀንቻለሁ።

ሚስተር ቶም ማስረዳት ጀመረ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ እንግሊዝኛ አያቅተኝም። የአውስትራሊያው ግን ሌላ ነው ወገኖቼ... ቃሉ ከአፍንጫ ይነሣና ጆሮ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። የያዝኩት ይህን ነው፦ ይህ ፍጡር ሲያድግ ጢም ያወጣል፤ ሙቀት ይወዳል፤ ምግቡ ተመጣጣኝ መሆን አለበት፤ ትንሽ ሳለ ነፍሳት ይበላል፤ ሲያድግ ደግሞ... «ሲያድግ ደግሞ» ላይ ጓድ ሽፈራው ገቡ።

«ምንድነው ይሄ?»

«የሚስተር ቶም እንሽላሊት ነው፣ ጓድ። አደራ እየሰጠኝ ነው።»

ጓድ ሽፈራው ጎንበስ ብለው አዩት፤ ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ሁለታችንንም አልወደዱንም።

«ጓድ ዘውዴ፣ ይሄ እንሽላሊት አይደለም። ይሄ የሁለት አገሮች ወዳጅነት ነው። ይሄ ሰውዬ ተቀይሞ ሳይመለስ ቢቀር የስንዴው ሥራ ያልቅለታል። እንሽላሊቱ አንድ ነገር ቢሆን ደግሞ... ለሰፈራ ጣቢያ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ላኩ ተብለን ሰው አጥተን ተቀምጠናል። ገባህ?»

«ገባኝ፣ ጓድ!»

እንዴት አይገባኝ! የሰፈራ ጣቢያ ማለት ቆላ ነው፣ ወባ ነው፣ ከትዳር መለየት ነው፤ ሄዶ በጤና የተመለሰ አላየሁም። ሚስተር ቶም የጀመረውን ቀጠለ፤ እኔም «የስ፣ የስ» እያልኩ ራሴን ነቀነቅኩ። እንሽላሊቱ ሲያድግ ምን እንደሚበላ ግን አልሰማሁም። ጆሮዬ ውስጥ የወባ ትንኝ እየዘፈነች ነበራ! አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ... ሣጥኑን ታቅፌ ቤቴ ገባሁ።

ባለቤቴ አስካለ በር ላይ ተቀበለችኝ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«አደራ ነው።»

«አደራነቱንስ እሺ። ውስጡ ያለው ምንድነው?»

«እንሽላሊት...»

«ገበሎ! በእኔ ቤት ገበሎ! ዘውዴ፣ ወይ እሱ ይወጣል ወይ አንተ ትወጣለህ!»

«የኔ እመቤት፣ እሱ ከወጣ እኔም መውጣቴ ነው። ሰፈራ ጣቢያ ነው የሚልኩኝ።»

ይኼኔ ጉድ ተፈጠረ። እንሽላሊቱ ድንጋዩ ላይ ቀና ብሎ አስካለን አየና የቀኝ እጁን ቀስ... አድርጎ ወደ ላይ አነሣ። ከሩቅ እጅ የሚነሣ ሽማግሌ ነበር የሚመስለው። አየር ላይ ትንሽ አቆየውና መልሶ አወረደው።

«እንዴ! እጅ ነሣኝ እኮ!» አለች አስካለ። ቁጣዋ ወዲያው በረደ። «ይሄስ ጨዋ ነው! ባላባት ነው እንጂ ገበሎ አይመስልም። ቀኛዝማች!»

ስሙ በዚያው ጸና። ማዕረግ ሁሉ በተሻረበት፣ ስሜ ራሱ በሚያስጠረጥርበት ዘመን ቤቴ ውስጥ ቀኛዝማች ሸሸግኩ ማለት ነው! ስለዚህ ቤት ውስጥ «ቀኛዝማች»፣ ቢሮ ስሄድ «ጓድ እንሽላሊት» እያልኩ ሁለት ስም ተሸክሜ ኖርኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አስካለ ብቅ ባለች ቁጥር ቀኛዝማች እጁን ያነሣላታል። ስትቆጣማ ደጋግሞ ነው። ለእኔስ? አንድም ቀን! ምግቡን የማመጣው እኔ፣ ሣጥኑን የማጸዳው እኔ፣ እጅ የሚነሣው ለእሷ! ውለታ ቢስነት የሰው ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል።

ወደ ምግቡ እንግባ። ተመጣጣኝ ምግብ የሚባለውን አስካለ ከሴቶች ማኅበር ሥልጠና አጥንታ መጥታለች። «ኃይል ሰጪ! ገንቢ! በሽታ ተከላካይ!» እያለች በቃሏ ትወጣዋለች። ሥዕሉንም አምጥታ ጓዳ ለጥፋዋለች፤ ዓሣ፣ ወተት፣ ብርቱካን፣ እንቁላል... እኛ ሥዕሉን እያየን ሽሮ እንበላለን። በእኛም ቤት ምግቡ ሦስት ዓይነት ነበር፦ ሽሮ፣ ወፍራም ሽሮ፣ ቀጭን ሽሮ። ሲመጣጠንማ ተመጣጥኖልናል!

ለቀኛዝማች ግን ገንቢው መቅረት የለበትም ተባለ። መኸሩ ደርሶ ስለነበር ከቢሮ ስወጣ የታጨደ የስንዴ ማሳ ውስጥ እገባና በባርኔጣዬ ፌንጣ አሳድዳለሁ። ከረባት ያሰረ የመንግሥት ሠራተኛ በአራት እግሩ ሲሄድ ያየ ገበሬ ምን እንዳሰበ አላውቅም። አንደኛው ግን ከዚያ በኋላ በመንገድ ሲያገኘኝ መንገዱን ይለቅልኝ ነበር፤ በአክብሮት አልነበረም። ፌንጣውን ይዤ ስገባ አስካለ የእንቁላል ቅርፊት አድቅቃ ትነሰንስበታለች፤ ለአጥንቱ ነው አሉ። የእኔን አጥንትስ ማን አስቦለት ያውቃል?

ታኅሣሥ ሲገባ ውርጭ ወረደና ፌንጣው ጠፋ። ቀኛዝማች ደግሞ በየቀኑ ያድጋል፤ የሚያድግ ልጅ «ዛሬ የለም» ቢሉት አይገባውም። ግራ ሲገባኝ ጎረቤታችን ባለ ሱቁ ሐጂ ከድር ዘንድ ሄድኩ።

«እንደምን ዋሉ ሐጂ?»

«አልሐምዱሊላህ። ምን ልስጥህ ያ ዘውዴ?»

«እንዳይቀየሙኝ እንጂ ሐጂ... ዱቄትዎ ትል አለው?»

ዱቄት ሊያስመዝኑ የመጡ ሁለት ሴቶች ከረጢታቸውን መልሰው አጠፉ።

«ማል ጄታ?» አሉ ሐጂ፤ ሲቆጡ አማርኛው ይጠፋቸዋል። «ምን አልክ አንተ? በእኔ ሱቅ ትል? ማነው እንደዚህ ብሎ ስሜን የሚያጠፋው?»

«ኧረ ማንም አላለም! እኔ ነኝ የፈለግኩት። ካለዎት ብዬ ነው... ወፈር ወፈር ያለውን።»

«ወፈር ወፈር ያለውን ምን?»

«ትሉን።»

«ያ ረቢ!»

ሴቶቹ እብድ እንዳየ ሰው ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ወጡ። እኔም ተዋርጄ ወጣሁ። አመሻሹ ላይ ግን ሐጂ ግራ ቀኝ እያዩ በራችን ድረስ መጡና አንድ የወረቀት ጥቅልል በእጄ አስጨበጡኝ። ውስጡ ይንቀሳቀሳል።

«የሌላ ነጋዴ ሱቅ የተገኘ ነው፤ የእኔ አይደለም።»

«አውቃለሁ ሐጂ።»

«ሰውየው ነገም አያጣም» አሉና ሄዱ። አላህ ይስጣቸው፤ ያ ስሙ የማይታወቅ ነጋዴ ክረምት ከበጋ ባይሰለች ቀኛዝማች ያን ጊዜ አልቆለት ነበር።

የካቲት ሲገባ ቀኛዝማች ክንዴን አከለ። ጢሙም ወጣ! ሲቆጣ ጢሙን ነፍቶ ጥላሸት ያስመስለዋል፤ ሲረጋጋ መልሶ ያጥፈዋል። አስካለ «እንደ አባቴ!» እያለች ትስቃለች። (አላልኳችሁም?) እኔም ለሰፈራ ጣቢያ ያለኝ ፍርሃት ቀለል እያለልኝ መጣ። ፋሲካ ሊደርስ ነው፤ የአደራው ባለቤት ሊመጣ ነው፤ ቀኛዝማች ደህና ነው...

ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

«ከነገ ጀምሮ በዚህ ቤት ሥጋ አይበላም» አለች አስካለ በቅበላው ማታ።

«ሥጋማ ከገና ወዲህ መቼ አየንና!»

«የቀኛዝማችን ነው የምልህ። ፌንጣም ትልም ቀረ።»

«አስካለ፣ እሱ እንስሳ ነው እኮ!»

«እንስሳም ቢሆን ያለው ክርስቲያን ቤት ነው። ድመቷ ሽሮ ትበላ የለም እንዴ?»

«ፌንጣ ሥጋ ነው ያለው ማነው? መጥምቁ ዮሐንስ ራሱ በበረሃ አንበጣ በልቶ የለም?»

«እሱ የቅጠል ስም ነው ብለው አባ ነግረውናል። ደግሞ አንተ! ጻድቁን ከገበሎ ጋር ታወዳድራለህ?» አለችና አማተበች።

ክርክሩ ተዘጋ። በማግስቱ ጎመን ተቀንጥሶ፣ ደቅቆ ለቀኛዝማች ቀረበ። ቀኛዝማች ጎመኑን አየ። እኔን አየ። እንደገና ጎመኑን አየና ጀርባውን ሰጠን። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት! ባላበላው ይሞትና ሰፈራ ጣቢያ እላካለሁ፤ ባበላው አስካለ እዚሁ ትቀብረኛለች።

የወንድ ነገር... ተደብቄ ላበላው ወሰንኩ። ከአጥሩ ሥር አንዲት የከሳች ፌንጣ በስንት ልፋት ያዝኩና በጭብጤ ደብቄ ስገባ አስካለ በሩን ሞልታ ቆማለች።

«እጅህን ክፈት!»

«እጄ... ብርድ መትቶት ነው...»

«ክፈት ነው የምልህ!»

ከፈትኩት። ያቺ የማትረባ ፌንጣ ሌላ መሸሻ ያጣች ይመስል ዘልላ የአስካለ ነጠላ ላይ ዐረፈች።

«ራስህ ጾመህ ሌላውን ታስገድፋለህ?» አለች አስካለ። «ከገደፈው ያስገደፈው ይብሳል!» ቀኛዝማች ከሣጥኑ ሆኖ ሁሉንም እያየ እጁን አነሣላት። ከዳተኛ! ወዲያውም ወርዶ ጎመኑን መብላት ጀመረ። ፊቷ ቆማለች፤ ምን ምርጫ አለው? እኔም ስንት ዓመት እንደዚሁ ነው ሽሮ የበላሁት።

እንዲያው ለነገሩ ጎመኑ ተስማማው። ይበላል፣ ይሞቃል፣ ያድጋል። ነገሩን ያበላሸው የመሥሪያ ቤታችን የውይይት ክበብ ነው። የዚያን ዘመን ሰዎች ታስታውሱታላችሁ፤ በየሳምንቱ ሥራ ፈተን ስለ ሥራ የምንወያይበት። ጓድ ሽፈራው «አደራው በሕይወት መኖሩን በዐይኔ ልይ፤ ለውይይቱ ይዘኸው ና» አሉኝ። ቀኛዝማችን ካፖርቴ ውስጥ ሸጉጬ ወሰድኩትና ከሦስቱ ጢማሞች ሥር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ዘመድ ከዘመዱ ተገናኘ።

የዕለቱ ርዕስ «በምግብ ራስን መቻል» ነው። ሁላችንም በባዶ ሆዳችን ተቀምጠን በምግብ ራሳችንን ስንችል ረፈደ። በመጨረሻ ጓድ ሽፈራው ተነሡ።

«እንግዲህ ጓዶች! በመጪው እሑድ ሠራተኛው በሙሉ በፈቃደኝነት ወደ ዲክሲስ ዘምቶ እርከን እንዲሠራ ሐሳብ ቀርቧል። የሚደግፍ እጁን ያውጣ!»

ማን ያውጣ? እሑድ ነው፤ ሁዳዴ ነው፤ የዲክሲስ ንፋስ ቅልጥም ይቆጠቁጣል። አንዱ ያስላል፤ አንዱ የጫማውን ክር ይፈታል፤ አንዱ የፈታውን ያስራል። ጓድ ሽፈራው ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ጠረጴዛውን በቡጢ መቱት።

«የሚደግፍ!»

ቀኛዝማች ቀና ብሎ ጓድ ሽፈራውን አየ። ከዚያም የቀኝ እጁን ቀስ... አድርጎ ወደ ላይ አነሣ።

«እዩ!» አሉ ጓድ ሽፈራው፤ ድምፃቸው በደስታ ተንቀጠቀጠ። «እዩ እስቲ! እንሽላሊት የገባውን እናንተ አልገባችሁም?»

ከእንሽላሊት አንሶ መገኘት ደግሞ በዚያ ዘመን ያስጠይቃል። አዳራሹ በሙሉ እጅ ሆነ! በሙሉ ድምፅ አለፈ። እሑድ ዲክሲስ ላይ ድንጋይ ስንደረድር የሥራ ባልደረቦቼ ያዩኝ የነበረው አስተያየት ዛሬም አከርካሪዬ ላይ አለ። ድንጋዩን የሚያቀብሉኝ ወርውረው ነው።

ከዚያ ወዲያ ቀኛዝማች የክበቡ ቋሚ አባል ሆነ። በየሳምንቱ ጓድ ሽፈራው ጮክ ይላሉ፣ እሱ እጁን ያነሣል፣ እኛ እንከተላለን። አንድ ቀን ከስብሰባው በኋላ ጓድ ሽፈራው ጀርባውን በጣታቸው እያሻሹ ጠየቁኝ።

«ለመሆኑ ይሄ ጓድ ምን ይበላል?»

«ጎመን ነው፣ ጓድ።»

«ጎመን? ለምን ጎመን?»

ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል... አፌ ቀደመኝ። «ጾም ነው ብላ ባለቤቴ...»

«ጾም!» አሉ። «የእንዲህ ያለ ንቁ ጓድ ጉሮሮ በኋላ ቀር ልማድ ይታነቃል? አምጣው ወዲህ!»

ነጥቀውኝ ሄዱ። በጾም የማይዘጋው ሥጋ ቤት ገቡና ከምሳቸው ጮማ ጮማውን እየቆረጡ በጣታቸው አጎረሱት። እኔ ከኋላ ቆሜ «ጓድ፣ እንዳይበዛበት...» እላለሁ። «ገንቢ ነው!» ይሉኛል። ቀኛዝማች እያንዳንዱን ጉርሻ ከመዋጡ በፊት እጁን ያነሣል። «ያመሰግናል!» አሉ ጓድ ሽፈራው።

ከዚያ ቀን ወዲያ ቀኛዝማች አልበላም። የበላውም አልወጣም። ሆዱ ተነፋ፣ ጢሙ ከሰል መሰለ፣ ዐይኑን ጨፍኖ አሸዋው ላይ ተዘረረ። አስካለ ስትመጣ እጁን አላነሣም። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሰፈራ ጣቢያው ብቻ አልነበረም ያስፈራኝ። ወድጄው ነበር። ስንት ፌንጣ ያሳደድኩለት፣ በሐጂ ፊት የተዋረድኩለት ፍጡር ነው፤ አንድም ቀን እጅ ባይነሣኝም የእኔ ነበር።

በማግስቱ ጓድ ሽፈራው ቢሮ ገባሁ።

«ጓድ፣ እንሽላሊቱ ታሟል። ጮማው ይመስለኛል።»

«የቱ ጮማ?»

«ያ... በምሳ ሰዓት ያበሉት...»

«እኔ የማውቀው ጮማ የለም» አሉ ወረቀታቸውን እያገላበጡ። «የማውቀው አደራ የተቀበለ ሰው ነው። ጓድ ዘውዴ፣ ሻንጣ አለህ?»

ቤት ገብቼ ሁሉንም ለአስካለ ነገርኳት፤ ጮማውንም፣ ሻንጣውንም። ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን አደግድጋ ተነሣች።

«በሁዳዴ ጮማ! ሆዱ ቢነፋ ምን ይገርማል? የእኛስ ሆድ በፋሲካ ማግስት እንዴት ነው የሚሆነው? ውኃ አሙቅ!»

አሞቅኩ። በለብ ባለ ውኃ ሳፋ ውስጥ ነከረችው፤ ሆዱን በአውራ ጣቷ ቁልቁል አሸችው፤ ተልባ በጥብጣ በማንኪያ ጫፍ አፉ ውስጥ ጠብ አደረገችለት። መብራት ጠፍቶ አምፖሉ ሲከስም በጋቢ ጠቅልላ ብብቷ ሥር አስገባችው። «ወይ እሱ ወይ አንተ» ያለችው ሴት! «አይዞህ የኔ ጌታ፣ አይዞህ ቀኛዝማች» ትለዋለች። እኔ ጉንፋን ይዞኝ የተኛሁ ጊዜ «ተነሥተህ እንጨት ፍለጥበት፣ ይለቅሃል» ነበር ያለችኝ።

እንዲህ ስናስታምም ሰንብተን አንድ ጧት አስካለ እልልታውን አቀለጠችው። ሐጂ ከድር ልጅ የተወለደ መስሏቸው ከሱቃቸው ሮጠው መጡ። እልልታው ስለ ምን እንደሆነ በዝርዝር አልጽፍም፤ ይህን የሚያወጣው ጋዜጣ ጨዋ ነው። ነጠላዋ ግን ሁለት ጊዜ ታጥቧል።

ከዚያ በኋላ ጎመን፣ ዱባ፣ የሱፍ ቅጠል... ቀኛዝማች እንደ ደብር አለቃ ወፈረ። የፋሲካ ዕለት እኔ አዝኜለት ትንሽ ዶሮ ላቀምሰው ብል አስካለ እጄን መታችው። እሱም ቢሆን ዞር ብሎ አላየውም። እኛ ገደፍን፣ እሱ በጾሙ ቀጠለ።

ሚስተር ቶም የተመለሰ ዕለት ሣጥኑን ታቅፌ አዳራሽ ገባሁ። ጓድ ሽፈራውና ሠራተኛው በሙሉ ተሰብስበዋል። ሚስተር ቶም ቀኛዝማችን አውጥቶ አገላበጠው፤ ጥርሱን አየ፣ ጅራቱን ዳሰሰ፣ ሆዱን ነካ ነካ አደረገ።

«ምን ስታበላው ከረምክ?» አለኝ በእንግሊዝኛው።

«ጎመን።»

«ጎበዝ! ልክ እንደነገርኩህ! ሲያድግ ምግቡ በብዛት ቅጠል ነው፤ ነፍሳት ትንሽ ትንሽ ብቻ። ብዙ ሰው በነፍሳት ሲያጨናንቀው ይገድለዋል። የከብት ሥጋማ ጨርሶ አይነካም! አንተ ግን በትክክለኛው ጊዜ ቀየርክለት። እንዴት አስታወስከው?»

እንዴት አስታወስኩት! የቤተ ክርስቲያን ደወል አስታውሶኝ ነዋ! እግዜር ሳይደግስ አይጣላ...

«ምን አለ?» አሉ ጓድ ሽፈራው።

«ጎመን ጥሩ ምግብ ነው ይላል፣ ጓድ።»

«እኔስ ምን አልኩህ?» አሉ፤ ቅንድባቸው እንኳ አልተነቃነቀም። «በል አሁን ደግሞ ድምፅ እንደሚሰጥ ንገረው።» ቀኛዝማችም ድምፃቸውን ሲሰማ በሚስተር ቶም መዳፍ ላይ እንዳለ ቀና ብሎ አያቸውና እጁን ቀስ አድርጎ አነሣ። ጓድ ሽፈራው ፊታቸው በራ። «አየኸው? አየኸው? እጁን ለምን እንደሚያነሣ ባለቤቱ ራሱ ለሠራተኛው ያስረዳልን። ተርጉም!»

ጠየቅኩት። ሚስተር ቶም ሳቀ።

«እሱማ የፍርሃት ነው» አለኝ። «ከእሱ የሚበልጥ፣ ሊበላኝ ይችላል ብሎ የሚፈራው ነገር ፊቱ ሲቆም ነው የሚያነሣው። ‹ተሸንፌያለሁ፣ አትንካኝ፣ እንዳልክ› ማለቱ ነው።»

መጀመሪያ ትዝ ያለችኝ አስካለ ናት። ስንት ወር ሙሉ «ጨዋ ነው» ያለችው! ቀጥሎ ትዝ ያለኝ ለእኔ አንድም ቀን አለማንሣቱ ነው። ስቀየመው ከርሜ... ለካ በዚያ ቤት የማይፈራው እኔን ብቻ ኖሯል! ደስ ይበለኝ ወይስ ልፈር ብዬ ሳስብ የጓድ ሽፈራው ድምፅ አደነቆረኝ።

«ምን አለ?»

አዳራሹ በሙሉ እኔን ያያል። ሦስቱ ጢማሞችም ያዩኛል። ዐይኔ ላይ ሻንጣዬ ድቅን አለ።

«ሲያምንበት ነው የሚያነሣው ይላል፣ ጓድ።»

«አላልኳችሁም!» አሉ ጓድ ሽፈራው ደረታቸውን ነፍተው። «ጓድ ዘውዴ፣ አደራህን ተወጥተሃል። የዚያ የሰፈራ ጣቢያ ነገር ቀርቷል፤ ሻንጣህን መልሰህ ስቀለው። እንግዲህ ጓዶች፣ ከተሰበሰብን አይቀር... በመጪው እሑድ ሌላ የእርከን ዘመቻ ታቅዷል። የሚደግፍ!»

የሁሉም እጅ ወጣ። እኔም ቀና ብዬ ጓድ ሽፈራውን አየሁና የቀኝ እጄን ቀስ... አድርጌ ወደ ላይ አነሣሁ።

ሚስተር ቶም እኔን አየ። መዳፉ ላይ ያለውን ቀኛዝማችን አየ። አዳራሹን ሁሉ ዞር ብሎ አየና እንደገና እኔን አየ። ከዚያም ከ«እሺ» እና ከ«ነገ» ቀጥሎ ሦስተኛውን የአማርኛ ቃሉን ያን ቀን ከአፉ ሰማሁ።

«ገባኝ» አለ።